ክራሩን ያዢ፣ ስፒከሩን ሽጪ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከኮምቦልቻ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የራሷ ነው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 22 ዓመቴ ነው። የኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከ15 ዓመቴ ጀምሮ ክራር እመታለሁ፣ እዘፍናለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከባንድ ጋር ደሴም ኮምቦልቻም ሠርግ እንሠራለን። ልጅ እያለሁ አውሮፕላን ሲያርፍ ለማየት ከቤት እየጠፋሁ እገረፍ ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ፓይለት መሆን እፈልጋለሁ። ጅዳ የምትሠራው እህቴ ‹ለትምህርቱ እኔ እልክልሻለሁ› ብላኛለች። አባቴ ግን ‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትሆኚ፤ መብረር ከፈለግሽ ክራሩንም ስፒከሩንም ሽጠሽ ተገላገይ› ይለኛል። የባንዱ ልጆች ደግሞ ‹ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል› ይሉኛል። (ከሠርግ በኋላ ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ይጮህብኛል። የድካም ነው መሰለኝ።) የቱን ልተው? የክራሯ ልጅ ነኝ።»

አብሽሪ እህቴ። ሁለቱንም ተረት አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱም እንደ ተራቹ ናቸው። እኔ የምጀምረው ግን በቅንፍ ካለፍሻት ነገር ነው። ፓይለት ልሁን ብለሽ ሦስት ገጽ ጽፈሽ፣ ፓይለት እንዳትሆኚ ሊያደርግሽ የሚችለውን ነገር በአንድ መስመር ዘለልሽው።

ከሠርግ በኋላ እስከ ማግስቱ የሚጮህ ጆሮ የድካም አይደለም። «ተመታሁ» እያለሽ ነው። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ድምፅን ተቀብለው ለነርቭ የሚያቀብሉ፣ ጫፋቸው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ያላቸው ሴሎች አሉ። ከባድ ድምፅ ሲወርድባቸው ጎንበስ ይላሉ። ካሳረፍሻቸው ይነሳሉ። በየሳምንቱ ስትደበድቢያቸው ግን ይሞታሉ፤ የሞተው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። መድኃኒት የለውም፣ ኦፕራሲዮን የለውም።

ኢንጂነር ልትሆኚ ነውና ቁጥር ልስጥሽ። የሥራ ቦታ ጩኸትን የሚያጠኑ የአሜሪካ ባለሙያዎች ያስቀመጡት ወሰን 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2 ሰዓት እያለ ይወርዳል። 100 ላይ ስትደርሺ የቀረሽ 15 ደቂቃ ነው። ድንኳን ውስጥ ከስፒከር ፊት የምትቆም ዘፋኝ 100ን አታልፍም ብለሽ ነው? ሙሽሮቹ ገና ሳይገቡ የቀኑን ኮታሽን ጨርሰሻል። «ሳውንዱን ቀንሱልን» ያለ ሠርገኛ ደግሞ በዕድሜዬ አላየሁም። ሁሌም ጨምር ነው።

አሁን ወደ ፓይለቱ እንምጣ። ሰው አሳፍሮ በደመወዝ ለመብረር አንደኛ ክፍል የሚባለውን የጤና ምርመራ ማለፍ ግድ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ መሠረት እያንዳንዱ ጆሮ ለየብቻው በመሣሪያ ይለካል። በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ላይ ከ35 ዴሲቤል በላይ፣ በ3,000 ኸርዝ ላይ ከ50 ዴሲቤል በላይ ጉድለት ካለ ነገሩ ይከብዳል። ያኔ በጩኸት መሐል ንግግር መስማትሽን የሚያይ ሌላ ፈተና ይመጣል። የሙዚቃ ጩኸት ቀድሞ የሚያጠቃው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው። ሰው ሲያወራሽ ትሰሚያለሽ፤ ስለዚህ ደህና ነኝ ትያለሽ። ግን ከ4,000 እስከ 3,000 ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም።

አላስፈራራሽም። በ22 ዓመትሽ ከመመዘኛው ወርደሻል ብዬ አላስብም። ነገር ግን ልብ በይ፤ ሁለቱም ፍቅርሽ የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ስትዞሪ ክሩን የምታጠብቂው በጆሮሽ ነው። እንደ ሴስና 172 ያለ ትንሽ የመማሪያ አውሮፕላን ውስጥ ስትገቢም ሞተሩ አፍንጫሽ ሥር ይጮሃል፤ ሄድሴት አድርገሽ በዚያ ጩኸት መሐል የታወሩን፣ የበረራ ተቆጣጣሪውን ማለቴ ነው፣ ቃል መለየት አለብሽ። «የቱን ልተው» ብለሽ ስትጠይቂኝ ሁለቱንም የሚያሳጣሽ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነበር።

ስለዚህ አባትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። ስፒከሩን ሽጪ። ክራሩን ያዢ። ስፒከር ባንዱ ሲፈልግ ይከራያል። ክራር ግን እንጨትና ስድስት ክር ነው፣ አይከብድም፣ ዶርም ውስጥ ጥግ ላይ ይቆማል፣ ማንንም አያደነቁርም።

በሽያጩ ገንዘብ ምርመራ ሂጂ። መጀመሪያ ደሴ ወርደሽ... ይቅርታ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ይወጣል እንጂ አይወረድም፤ የሀረጎን ዳገት ያልወጣ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ደሴ ወጥተሽ የጆሮ ሐኪም ታይ፤ የመስማት ልኬት ካለ አስለኪ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደሽ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የፈቀደላቸው ሐኪሞች ዘንድ ሙሉውን አድርጊ። ዓይን አለ፣ ቀለም መለየት አለ፣ ልብ አለ። ይሄ ሁሉ ከመመዝገብሽ በፊት ነው። ስንቱ ልጅ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ፣ ከፍሎ ጀምሮ፣ መሐል ላይ «ዓይንህ አያሳልፍህም» ይባላል። ምርመራው ደግሞ አንዴ አልፈሽው የሚያበቃ አይደለም፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ካፒቴን ሆነሽም ጆሮሽ ይጠየቃል።

ስለ እህትሽ ገንዘብ ብዙ አሰብኩ። ወሎ ውስጥ ጅዳ ወይም ቤይሩት ሰው የሌለው ቤት ስንት ነው? ያ ብር እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። በረራ ደግሞ ብር የሚበላ ትምህርት ነው፤ የምትከፍዪው በሰዓት ነው፣ ሰዓቱም ነዳጅ ነው። በዓለም አቀፉ መመዘኛ ለግል አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ይጠይቃል። እሱን ይዘሽ ትበሪያለሽ እንጂ ተከፍሎሽ መንገደኛ አታሳፍሪም። ለሥራ የሚሆነው የንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 ሰዓት ይፈልጋል፤ በተፈቀደ ትምህርት ቤት ተከታታይ ሥልጠና ከሆነ 150። ከዚያ በኋላም ቀጣሪ መፈለግ አለ። እህትሽ 40ውን ከፍላ ብትደክም፣ ያለሽ ፈቃድ ለፎቶ እንጂ ለእንጀራ አይሆንም። ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም በረራ እንዳይጀመር ነው የምለው።

ሌላ በር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠልጣኝ አብራሪ ሲፈልግ ማስታወቂያ ያወጣል። ዕድሜ፣ ቁመትና የትምህርት ውጤት ይጠይቃል፤ መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ የወጣውን ራስሽ አንብቢው። የሰፈር ወሬ አትስሚ። ይሄ በር ሰፊ ባይሆንም መጀመሪያ መንኳኳት ያለበት እሱ ነው። ለዚህም ዲግሪሽን መጨረስሽ ይጠቅምሻል። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን፣ መጀመሪያ የተማረችው የሕንፃ ንድፍ ነበር። ከእሷ በፊት ደግሞ ሙሉእመቤት እምሩ ነበረች፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት መብረር የተማረች፣ ጦርነቱ ያቋረጠባት። ያኔ ደሴ ራሷ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን በወረደ ቦምብ ተደብድባለች። እዚያ ከተማ አጠገብ ዛሬ አንዲት ልጅ አውሮፕላን እያየች ማደጓ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ይሄ ግን የሽማግሌ ወሬ ነው፣ እንለፈው።

እስከዚያው እንግሊዝኛሽ ላይ ሥሪ። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለመሥራት ከ6 ደረጃዎች ቢያንስ 4ኛውን ማግኘት አለብሽ፤ 4ኛው ላይ ያለ ሰው በየ3 ዓመቱ ይፈተናል። ዘፋኝ ስለሆንሽ አነጋገር ቶሎ ትይዣለሽ ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ወይ? የሄደላቸው አሉ። የአሜሪካው ዘፋኝ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ዘፈኖቹ ሳይታወቁለት በፊት በሉዊዚያና የባሕር ነዳጅ ማውጫዎች ሄሊኮፕተር ያበር ነበር። አንድ ሳምንት እዚያ ይሠራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሙዚቃዋ ከተማ ናሽቪል ሄዶ ዘፈኑን ይዞ ያንኳኳል። አይረን ሜይደን የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ድምፃዊ ብሩስ ዲኪንሰን ደግሞ የአንድ አየር መንገድ ካፒቴን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ባንዱን ከነዕቃው ቦይንግ 757 ላይ ጭኖ ራሱ እያበረረ ዓለምን አዞራቸው። ልብ የምትይው ግን ክሪስቶፈርሰን ጋ ያለችውን ሳምንት ነው። በአንድ ሌሊት ሁለቱን አልሠራም። ባሕሩ የራሱ ሳምንት ነበረው፣ ናሽቪል የራሷ።

ያልሄደለትም አለ። አሜሪካዊውን ዘፋኝ ጆን ዴንቨርን አባትሽ ሳያውቁት አይቀሩም፤ በድሮው ሬዲዮ ብዙ ይሰማ ነበር። ጥሩ አብራሪ ነበር፣ ከ2,700 ሰዓት በላይ በርሯል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 አዲስ የገዛትን ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ተነሳ። ነዳጅ ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው የሚያዞረው እጀታ ከግራ ትከሻው ኋላ ነበር፤ ለመድረስ አይመችም። ነዳጁ ጥቂት እንደሆነ እያወቀ ሳይሞላ ሄደ። ካሊፎርኒያ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፣ ሞተ። ይህን የማነሳው ሙዚቃ ገደለው ለማለት አይደለም። መርማሪዎቹም እንደዚያ አላሉም። እኔን የሚያሳስበኝ «ትደርሳለች» የምትባለው ነገር ናት። እኛ አገር ሠርግ ላይ የምትኖሪው በእሷ ነው፤ ክር ሲበጠስ በአምስቱ ትቀጥያለሽ፣ ግጥም ሲጠፋሽ ትፈጥሪያለሽ፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። አውሮፕላን ላይ ያቺ ጥበብሽ ጠላትሽ ናት።

ክረምት ላይ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ሰው ልቀበል ሄጄ ነበር። ደመናው ወርዶ ተራራውን ሁሉ ውጦታል። አውሮፕላኑ ከላይ ይሰማናል፤ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ከዚያ ድምፁ ራቀ። ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ተነጫነጨ፣ እኔም ከእነሱ ጋር። ማታ ቤቴ ገብቼ ነው የገባኝ። ያ ካፒቴን መሬቱ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን ተራራ የከበበው ሜዳ ላይ በ«ትደርሳለች» አልወርድም አለ። ዘፋኝ መድረክ ላይ ከወጣ አይመለስም። ፓይለት ግን ደመወዝ የሚበላው አንዳንዴ ለመመለስ ነው። አንቺ መመለስ ትችያለሽ? ሕዝብ እየጠበቀሽ፣ ሠርገኛ እያየሽ፣ «አልችልም» ብለሽ ታውቂያለሽ? ይህን ለእኔ አትመልሽልኝ።

ከሙዚቃ የምትወስጂውም አለ፤ ግን ሰዎች የሚያስቡት አይደለም። ጣት ፈጣን ነው፣ ምት ታውቂያለሽ ምናምን ይሉሻል። ተያቸው። መንዙማ ላይ ስትቀመጪ አውጪና ተቀባይ አለ አይደል? አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ያንኑ ይመልሳል። ሬዲዮ ላይ እንደዚያ ነው። ታወሩ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ መንደርደሪያ ይሰጥሻል፤ አንቺ ቃል በቃል ትመልሺለታለሽ፤ እሱ ትክክል መመለስሽን ይሰማል። ቁጥር ከተሳሳትሽ እዚያው ያርምሻል። ተቀባይ ሆኖ ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይለምዳል። ልዩነቱ፣ እዚህ ማስዋብ የለም። ድምፅሽ ቢያምርም ማንም አይሸልምሽም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ባንድ ውስጥ ስለኖርሽ አትቀየሚኝም። በርጫ። ሠርግ ሌሊቱን ስለሚያነጋ ልጆቹ ይቅማሉ፤ አንቺም አልፎ አልፎ አብረሽ ትቀምሺ ይሆናል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። በአቪዬሽን ደግሞ አልኮልም አነቃቂውም በአእምሮ ላይ የሚሠሩ ነገሮች ተብለው ተቆጥረዋል፤ ከእነሱ ጋር መብረር የለም። የሚገርምሽ፣ ዓለም አቀፉ ደንብ ሁለት ነገሮችን በስም ጠርቶ አውጥቷቸዋል፤ ቡናና ትምባሆ። ትምባሆውን ተዪው። ቡናውን ግን እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጪ፣ ማንም አይከስሽም። አልኮል ላይ የአሜሪካ ሕግ ከመጨረሻው ብርጭቆ እስከ በረራ ቢያንስ 8 ሰዓት ይላል፤ ብዙ ቀጣሪ ከዚያም ያጠብቃል። እንቅልፍም እንደዚያው። ሠርግ ሠርታ ሌሊት 9 ሰዓት የተኛች ልጅ ጠዋት 1 ሰዓት ኮክፒት ውስጥ መቀመጥ የለባትም። ሥልጠና ከጀመርሽ የሌሊት ሥራ ይቁም። ሙዚቃው አይቁም፤ የሌሊቱ ሥራ ነው የሚቆመው።

አባትሽን በተመለከተ፣ እኔ ክፉ ናቸው አልልም። ማሪቱ ለገሠን ሰምቶ ዓይኑ እንባ የማያቀር የወሎ አባት አላየሁም። የራሱ ልጅ ማይክ ስትይዝ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ከጥንት «አዝማሪ» የሚለው ቃል ላይ የተጫነው ንቀት ገና አልተራገፈም። በደብዳቤሽ ስገምት፣ አባትሽ ፓይለትነቱን የወደዱት ከክራሩ ስለሚያወጣሽ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱን እንድትሸጪ ያሉሽ። ስለ ክራሩ አትከራከሪያቸው። ስፒከሩን ሸጠሽ ምርመራ ሂጂ፤ ውጤቱን ይዘሽ ነይና ፊታቸው አስቀምጪው። በወሬ ያላመነ ሰው በወረቀት ያምናል። ማታ ቡና ላይ ያለ ስፒከር፣ ያለ ማይክ፣ አንድ አምባሰል በክራር ብትጫወቺላቸው ደግሞ ውጪልኝ የሚሉሽ አይመስለኝም። ቅኝቶቹ እኮ ከሰፈራችሁ ናቸው። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ስትነሺ ባቲ በምሥራቅ ናት፣ አምባሰል ከደሴ ባሻገር በሰሜን ነው። ስትመቻቸው የኖርሽውን አገር ከላይ ታይዋለሽ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀብድ ተቀብለሻል መሰለኝ። ሥሪው፣ ሰው አታስቀይሚ። ግን ስፒከሩን ከጀርባሽም ከፊትሽም አርቂው። የጆሮ መድፈኛ ግዢ፤ ሶፍት ጠቅልሎ መክተት ሞኝነት ነው፣ አያስቀርም። በየመሐሉ ውጪ ወጥተሽ ጆሮሽን አሳርፊ።

ለእህትሽ ግን ዛሬውኑ ደውይላት። ገንዘቡን ገና አትላኪ በያት።